ጸጥ ያለች ወፍ ለአፓርትመንት፦ መጀመሪያ ምጣዱን እንይ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ወፍ እንድገዛላት ከለመነችኝ ዓመት አለፈ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የታችኛው ጎረቤታችን ልጄ ስትሮጥ እንኳ ያማርራል። ጩኸት የማታበዛ ትንሽ በቀቀን ስፈልግ በርክ ፓራኪት የምትባል አገኘሁ። ጸጥ ያለች ናት፣ እንክብካቤም ብዙ አትፈልግም ይላሉ። እውነት ነው? ትናገራለች? አንድ ብቻ ብገዛ ይበቃል? ሳሎኑና ኩሽናው አንድ ላይ ስለሆነ እዚያ ላስቀምጣት አስቤያለሁ። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ቤቱ ይሞቃታል፣ እሁድ ቡና ስናፈላም ብቻዋን አትሆንም ብዬ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት፤ የምትተኛው ከልጄ ጋር ነው፣ አስምም አለባት። ክረምት ላይ ኢትዮጵያ ስንሄድስ ወፏን ይዘናት መሄድ እንችላለን?»

መልስ፦ ስለ ድምፁ የሰማሽው እውነት ነው። ስለ እንክብካቤው የሰማሽው ግን ልክ አይደለም። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ደግሞ ለወፏ ይመቻታል ብለሽ የጻፍሽው ነገር ነው፤ ምጣድሽ። ከእሱ ልጀምር።

እዚህ አገር ብዙዎቻችን የምንጋግርባቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶች ፊታቸው የማያስይዝ ልባስ አለው፤ ኖንስቲክ ወይም ቴፍሎን የምንለው። ይህ ልባስ ከመጠን በላይ ሲግል በዓይን የማይታይ ጋዝ ይለቃል። ሽታው ላይሰማሽም ይችላል። አንቺ ምንም ሳይመስልሽ ወፏ በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትዪ፣ የወፍ አተነፋፈስ እንደኛ አይደለም። እኛ አየሩን አስገብተን በገባበት እናስወጣዋለን። በወፍ ሳንባ ውስጥ ግን አየሩ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያልፈው። ከሳንባዋ ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ በብዙዎቹ ወፎች 9 ናቸው። እንደ ወናፍ እየተነፉ አየሩን ይገፋሉ። ስለዚህ ስታስገባም ስታስወጣም ኦክስጅን ታገኛለች። ለመብረር የሚበቃ ጉልበት የሚሰጣት ይህ ነው። በአየሩ ውስጥ መርዝ ካለ እሱም በዚያው ፍጥነት ይገባል። እሷ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ግራም ብቻ ናት፤ ከአንድ የዶሮ እንቁላል ትቀላለች።

ልባሱ መበላሸት የሚጀምረው ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። «እንጀራዬን በዚያ ሙቀት አልጋግርም» ትዪኝ ይሆናል። ሊጥ ያለበት ምጣድ ላይደርስ ይችላል። አደጋው ምጣዱ ባዶውን ሲግል ነው። የመጀመሪያውን እንጀራ ከመዘርጋትሽ በፊት ትጠብቂያለሽ፣ በመሃል ስልክ ይደወላል፣ ልጅ ትጠራሻለች። በሥራዬ ካጋጠሙኝ አንዱ እንዲህ ነበር። ቤተሰቡ አዲስ ምጣድ ገዝተው ያሟሻሉ። ወፎቹ በሚቀጥለው ክፍል ነበሩ። የመጀመሪያው እንጀራ ሳይወጣ ሁለቱም ከማረፊያቸው ወደቁ። ይዘዋቸው ሲመጡ ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። የደረሰባት ወፍ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ከዚያ ትወድቃለች። በዚያች ሰዓት ያለው ምርጫ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይደረስም።

ስለዚህ የምጣድሽን ፊት እዪ። ሸክላ ከሆነ ወይም ምንም ያልተቀባ ብረት ከሆነ በዚህ በኩል ሥጋት የለብሽም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ውኃ የሚያንሸራትት ፊት ከሆነና ምን እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆንሽ ኖንስቲክ ነው ብለሽ ያዢው። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ካርቶኑ ላይ «ፒኤፍኦኤ የለውም» ተብሎ ይጻፋል። ያ ልባሱን ለማምረት ያገለግል የነበረ ሌላ ኬሚካል ነው። ወፍ የሚገድለው ልባሱ ራሱ፣ ፒቲኤፍኢ የሚባለው ነው። አንዱ የለም ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም። ይኸው ልባስ በኤር ፍራየር፣ በአንዳንድ የቤት ማሞቂያዎች፣ በካውያ መተኮሻ ጨርቆችም ላይ ይገኛል። ራሱን በከፍተኛ ሙቀት የሚያጸዳ ምድጃም ወፍ ባለበት ቤት ማጽጃው አይበራም።

ወደ ቡናው ልምጣ። ቡናሽን ተዪ አልልሽም። ግን የቆላሽበት ጭስም የእጣኑ ጭስም የወፍ ሳንባ ያቆስላል። ከምድጃሽ በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ ደግሞ አትመኚ። በብዙ አፓርትመንቶች ጭሱን ወደ ውጭ አያወጣም፤ በወንፊት አሳልፎ መልሶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተፋዋል። ቡናውን መስኮት ከፍተሽ፣ ወፏ ሌላ ክፍል በር ተዘግቶባት፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ተደርጎ ቁይ። የተቆላ ገዝተሽ ብታፈዪ ደግሞ የበለጠ ይሻላል። እጣኑን፣ ሰንደሉን፣ ሽታ ያለውን ሻማና በቤት ውስጥ የሚረጨውን ሽቶ ግን ከዚያ ቤት አስወጪ። ይህን የምልሽ ለወፏ ብቻ አይደለም። አስም ያለባቸው እናትሽም እዚያው አየር ነው የሚተነፍሱት።

ኩሽናና ሳሎን ባንድ ላይ ከሆነ እዚያ ወፍ አይቀመጥም። እናትሽና ልጅሽ ባንድ ክፍል ስለሚተኙ የሚቀረው ያንቺ መኝታ ክፍል ነው። እሱ ካልተመቸሽ ወፍ የሚሆን ቦታ የለሽም ማለት ነው።

አሁን ስለ ወፏ። በርክ ፓራኪት ከአውስትራሊያ መሀል አገር የመጣች ናት። የምትኖረው ደረቅ መሬት ላይ፣ የኛን ግራር የሚመስል፣ በዘሩም የግራር ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ በሚበቅልበት ነው። ስሟ የወጣው ከ1831 እስከ 1837 እ.ኤ.አ. የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዥ በነበረው በሪቻርድ በርክ ነው። ጀርባዋ አፈር ይመስላል። ሆዷ ሮዝ ነው፣ ጎንና ጎኗ ሰማያዊ። ከምንቃር እስከ ጭራ ወደ 19 ሴንቲሜትር ትሆናለች። አርቢዎች ያወጡት መላ አካሏ ሮዝ የሆነ ዓይነትም አለ፤ ሮዚ ይሉታል። ልጅሽ እሷን እንደምትመርጥ አልጠራጠርም።

ይህች ወፍ ከሌሎች በቀቀኖች የምትለየው በሰዓቷ ነው። ንቁ የምትሆነው ሊነጋጋ ሲልና ሲመሽ ነው። በዱር ውኃ የምትጠጣው ጎህ ሳይቀድና ከጨለመ በኋላ ነው፤ ዓይኖቿም ለዚያ ትልልቅ ናቸው። ቀን ቀን ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። ሰው «ጸጥ ያለች» የሚላት ግማሹ ከዚህ የተነሣ ነው። ለእናንተ ቤት ይህ ጥሩ ነው። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወፏ ገና መነቃቃቷ ነው። ድምጿ ለስለስ ያለ ጭውጭውታና አጭር ፉጨት ነው። በተዘጋ በር አልፎ ጎረቤትሽ ጋ አይደርስም።

አትናገርም። በቀቀን ሲባል ሁላችንም የምትናገር ወፍ ነው የሚታየን፤ ይህችኛዋ ግን ቃል አትይዝም። መናገሯ ለልጅሽ ዋናው ነገር ከሆነ በጂ፣ ማለትም በጅሪጋር፣ ይሻላታል። ወንዱ በጂ ከተለማመደ ቃላት ይይዛል። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል፤ በስስ ግድግዳ ለምትኖር ሰው አልመክርም። ኮካቲየል የሚባለው በቀቀን ሲያፏጭ ይሰማል፣ ላባውም ብዙ ብናኝ አለው፤ ለአስም መጥፎ ነው። ላቭበርድ የምትባለው በቀቀን ትንሽ ብትሆንም ድምጿ ጆሮ ይበሳል። ለበርክ የምትቀርበው ሊኒዮሌትድ ፓራኪት የምትባለው ናት፤ እሷም ጸጥተኛ ናት፣ አንዳንዴም ቃል ትይዛለች፣ ግን ኩሷ ርጥብ ስለሆነ ጽዳቷ ይበዛል።

«እንክብካቤ አትፈልግም» የሚለው የመጣው ስለማትጮህ ይመስለኛል። እኔ ግን በጣም የምፈራው ይህንኑ ነው። ኮካቲየል ሲርበው ወይም ሲከፋው ቤቱን ያናውጣል። በርክ ዝም ትላለች። ትናንሽ ወፎች በተፈጥሯቸው ሕመም ይደብቃሉ፤ በዱር የታመመች የመሰለች ወፍ ቶሎ ትበላለች። ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ስታገኚያት ሕመሙ ዛሬ የጀመረ አይደለም፤ ቀናት አልፈውታል። መላው ቀላል ነው። በግራም የሚያሳይ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዢ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ መዝኛትና ልጅሽ ደብተር ላይ ትጻፈው። 45 ግራም የነበረች ወፍ 40 ከገባች ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ቀንሳለች። ያኔ ምንም ሳይታይባትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይኬዳል። የወፍ ሐኪም ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት ፈልጊ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ወፍ አያክምም።

ሌላው ብዙ ወፍ የሚገድለው የምግብ ሳህኑ ነው። ወፏ ፍሬውን ፈልፍላ በልታ ገለባውን እዚያው ትተዋለች። ሳህኑን ስታዪው ሙሉ ነው። የሞላው ግን ገለባ ነው፤ እሷ ተርባለች። በየቀኑ ጠዋት እፍ በዪበትና እዪው።

ፍሬ ብቻ ከበላች ደግሞ ቫይታሚን ኤና ካልሲየም ያጥራታል። ከፍሬው ጋር ለትናንሽ ወፎች የተዘጋጀ ፔሌት፣ ማለትም ተፈጭቶ የተድበለበለ መኖ፣ ይኑር። ከኩሽናሽ ጎመን በደቃቁ ተቀርድዶ፣ የተፈገፈገ ካሮት፣ ብሮኮሊ መስጠት ይቻላል። በዱር የሣር ፍሬ ለቃሚ ስለሆነች ጥሬ ዳጉሳና ጤፍ ትወዳለች፤ ጤፉን ጨው ሳይነካው በጣት ቆንጥረሽ ብትበትኝላት መልቀሙ ሥራ ይሆናታል። እንጀራና ወጥ ግን አይሰጣትም፤ ጨው፣ ቅቤ፣ በርበሬና ሽንኩርት አለው። አቮካዶ መርዟ ነው፤ በትንሹም ልብ ያቆማል። ቸኮሌት፣ ቡናና አልኮልም እንደዚሁ። ይህን ለእናትሽ በደንብ ንገሪያቸው። አያቶች ከራሳቸው ሳህን ማጉረስ ይወዳሉ፤ ፍቅራቸው እዚህ ላይ ሊጎዳት ይችላል።

አንድ ወይስ ሁለት? ሁለት ግዢ። አንዷ ብቻ ሆና ሰው በየቀኑ ከተጫወተላት መኖር ትችላለች። እናንተ ግን ቀን ቀን ሥራና ትምህርት ቤት ናችሁ። ሁለት ሲሆኑ ድምፃቸው ብዙም አይጨምርም። ሁለቱም ወንድ ወይም ሁለቱም ሴት ቢሆኑ እመርጣለሁ። ወንዱን ከምንቃሩ በላይ ግንባሩ ላይ ባለው ሰማያዊ መስመር ትለዪዋለሽ፤ በሮዚዎቹ ላይ ግን ይህ መስመር ስለማይታይ አርቢው በላባ በሚደረግ የዘረመል ምርመራ ያረጋግጥልሽ። ወንድና ሴት ካደረግሽ እንቁላል ይመጣል። እንቁላሉ አልወጣ ብሎ የምትሞት ትንሽ ሴት ወፍ ጥቂት አይደለችም። ቢሆንም ባይሆንም የመፈልፈያ ሣጥን አታስገቢ። ከበጂ ወይም ከላቭበርድ ጋር ባንድ ኬጅም አታድርጊ። በርክ ገር ናት፤ ትነከሳለች እንጂ አትናከስም።

ኬጁ ከቁመቱ ርዝመቱ ይብለጥ። በርክ እንደ ሌሎቹ በቀቀኖች ሽቦ ላይ አትንጠላጠልም፤ የምትንቀሳቀሰው በመብረር ነው። ለሁለት ወፍ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ የሽቦው ክፍተትም ከ1.3 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ይሁን። ማረፊያዎቹ ውፍረታቸው የተለያየ እንጨት ይሁኑ፤ አንድ ዓይነት ክብ ዱላ እግር ያቆስላል። ማታ ደብዛዛ መብራት ተዪላቸው። እነዚህ ወፎች በሌሊት በድንገት ደንግጠው እየበረሩ ከሽቦው ይጋጫሉ፤ ትንሽ ብርሃን ካለ የት እንዳሉ አይተው ይረጋጋሉ።

ስለ እናትሽ አስም። ወፍ በፍጹም አይሆንም አልልሽም፤ ምንም አይሆኑም ብዬ ግን ዋስ አልሆንም። በርክ ከኮካቲየል ያነሰ ብናኝ አላት፤ ብናኝ የሌላት ወፍ ግን የለችም። ከመግዛትሽ በፊት ለሐኪማቸው ንገሪ። አርቢው ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ወስደሻቸው ቁጭ ይበሉ። ካሳላቸው ወይም ደረታቸው ካፈነ እዚያው ይቁም። ኬጁን አንቺ አጽጂ፣ እሳቸው አይንኩት። ወረቀቱን ከማንሣትሽ በፊት ውኃ እርጪበት፤ የደረቀ ኩስ ሲቦን ነው የሚጎዳው። ኩስና የላባ ብናኝ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታም ያስተላልፋል። በሰው ላይ ጉንፋን ወይም የሳንባ ምች ይመስላል፤ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ስለዚህ ወፎቹ ቤት ሳይለምዱ ሐኪም ይመርምራቸው። ከቤተሰቡ አንዱ ትኩሳትና ሳል ሲይዘው ደግሞ «ቤታችን ወፍ አለ» ብላችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ይዘሻት አትሂጂ። በቀቀኖች ከአራት ዝርያዎች በስተቀር ሁሉም የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሥር ናቸው። በጂና ኮካቲየል ከአራቱ ውስጥ ናቸው፤ በርክ ግን የለችበትም። ከአሜሪካ ለማውጣት ፈቃድ፣ ኢትዮጵያ ለማስገባት ፈቃድና የጤና ወረቀት፣ ስትመለሺ ደግሞ ሌላ ወረቀትና ለይቶ ማቆያ አለ። ከዚያ ሁሉ በላይ የበረራው ጭንቀት ለ45 ግራም ፍጥረት ከባድ ነው። የሚታመን ሰው ፈልጊና እዚህ ትቆይ። ልጅሽን እዚያ ስትደርሱ እንጦጦ ይዘሻት ውጪ። ጥድ ላይ አረንጓዴ ትናንሽ በቀቀኖች ሲጮሁ ትሰማላችሁ፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። የኛው የደጋ ላቭበርድ ነው፤ የጥዱን ፍሬ ሲለቅም በነጻነት ታየዋለች።

ዕድሜዋን አትርሺ። በደንብ የተያዘች በርክ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች። ልጅሽ ኮሌጅ ስትገባ ወፎቹ ካንቺ ጋር ይቀራሉ ማለት ነው። አንቺ ራስሽ ካልፈለግሻቸው ለልጅ ብለሽ አትግዢ። የኪራይ ውልሽንም አንብቢ፤ አንዳንድ ውል በኬጅ ያለ ወፍንም እንደ እንስሳ ቆጥሮ ፈቃድ ይጠይቃል።

ምክሬ ይህ ነው። ምጣድሽ ኖንስቲክ ከሆነና የማትቀይሪው ከሆነ፣ ወይም እጣን ከቤት የማይወጣ ከሆነ፣ ወፍ አትግዢ፤ በርክም ሆነ ሌላ። ምጣዱ ከተቀየረ፣ እጣኑ ከቀረ፣ መኝታ ክፍልሽ ቦታ ካለውና እናትሽ አርቢው ቤት ተቀምጠው ካላሳላቸው ግን ሁለት በርክ ውሰጂ። በጅምላ ከሚሸጥበት ሱቅ ሳይሆን ራሱ ከሚያረባና ወላጆቻቸውን ሊያሳይሽ ከሚችል ሰው ግዢ። ስትሄጂ ደግሞ አመሻሽ ላይ ሂጂ። ቀን ከሄድሽ ሁሉም ዝም ብለው ተቀምጠው ታገኛቸዋለሽ፤ ጤነኛዋን ከታመመችው መለየት አትችዪም። ሲመሽ ጤነኞቹ ይበርራሉ፣ ይበላሉ፣ ያፏጫሉ። ያኔም ላባዋን ነፍታ የቀረችውን አታምጪያት፤ ልጅሽ ብታዝንላትም።